ልጄ ጎራዴ ልማር አለኝ (ፌንሲንግ)፣ ልጅ ያስተማራችሁ እስቲ ምከሩኝ

የናቲ_እናት (ብሮንክስ)፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፣ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው። የ11 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ቤት ውስጥ በግ ነው፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ግን ምን እንደሚነካው አላቅም ዘንድሮ ብቻ በጸብ ሶስቴ ተጠርቻለሁ። ሁሌ የሚላት አንድ ነገር ናት፣ "እሱ ነው የጀመረኝ"። እኔ ነርሲንግ ሆም የማታ ሺፍት ነው የምሰራው፣ አባቱ ኡበር ይነዳል፣ አንዳችን ስንገባ አንዳችን እንወጣለን። ቅዳሜ ልጁ ወይ ስልክ ላይ ነው ወይ ሕንፃው በር ላይ ከሚቆሙ ትላልቅ ልጆች ጋር ነው፣ እነሱን ደሞ አልወዳቸውም እውነቱን ለመናገር።

ባለፈው ሳምንት ወረቀት ይዞ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ፌንሲንግ በነጻ ያስተምራሉ ይላል። ዕቃ ያውሳሉ፣ ከሱ በኋላ አንድ ሰዓት የቤት ስራ እገዛ አለ። ልጁ ካልገባሁ ብሎ ሞተ። እኔ ደሞ በእጁ ብቻ እንዲህ የሚደባደብ ልጅ እንዴት ብዬ ጎራዴ አስይዘዋለሁ? አባቱ ይስቃል እንጂ አይመልስም፣ እናቴን ከጎንደር ስልክ ላይ ብነግራት "የቅድመ አያቱ ደም ነው ልቀቂው" አለችኝ፣ ቀጥላ ግን "በግራው እንዳይዝ ብቻ" አለች ምክንያቱም ናቲ ግራኝ ነው እሷም እስከዛሬ አልተዋጠላትም።

የሚያውቅ ካለ፣ አደጋ የለውም? ጸቡን አያብስበትም? በነጻ ብለው አስገብተው በኋላ ዕቃ ግዙ ብለው አያራቁቱኝም?

አራዳው_ፒያሳ (አዲስ አበባ)፦
ፉከራውንም አብረው ያስተምራሉ ወይስ ለብቻ ይከፈላል? 😂 "ዘራፍ የብሮንክሱ" እያለ ሲገባ ታየኝ

የናቲ_እናት፦
አንተ ደሞ ሳቅ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ

ፍሬው_ኒውዋርክ፦
የናቲ እናት ሰላም ላንቺ ይሁን ልጄ። እኔ በፈረንጅ 1983 ነው ኒውዋርክ የገባሁት፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሰራው፣ ስለዚህ የምነግርሽ በሰፈሬ ስለሆነ ነገር ነው።

በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጊዜ ኢትዮጵያ አልሄድም ብላ ቀረች፣ እኛም የምንጮህለት ሰው አጥተን ያገኘነውን ሁሉ እናይ ነበር። ያኔ ነው ፒተር ዌስትብሩክ የሚባል የኒውዋርክ ልጅ በሴበር (አንዱ የፌንሲንግ አይነት ነው) ነሐስ ወሰደ ሲባል የሰማሁት። አለቃዬ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፣ "የኛ ሰፈር ልጅ በሰይፍ!" እያለ ሲዘል ትዝ ይለኛል። አሜሪካ በፌንሲንግ ሜዳሊያ ካገኘች ከ1960 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፣ ከጥቁር አሜሪካዊ ደሞ በታሪክ የመጀመሪያው።

የዚህ ሰው እናት ጃፓናዊት ናት፣ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ አባትየው ጥሏቸው ሄዶ እናትየው ብቻዋን ነው በድህነት ያሳደገችው። ልጁ መንገድ ላይ የሚደባደብ አይነት ነበር። ልክ እንደናቲ ማለቴ አይደለም ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ግን ተደባዳቢ ነበር። እናቱ ፌንሲንግ ግባ አለችው አሻፈረኝ አለ፣ ከዛ 5 ዶላር እሰጥሃለሁ ብላ ገዛችው። በ5 ዶላር! ያንቺ ልጅ ደሞ በራሱ ልግባ ብሎ እየለመነሽ ነው፣ 5 ዶላርሽ ተረፈልሽ።

በዛ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ አገኘ፣ 13 ጊዜ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። በ1980 ለሞስኮ ተመርጦ ነበር አሜሪካ አድማ መትታ አስቀረቻቸው። ምሩጽ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ይሄ ሰውዬ ቤቱ ተቀምጦ ነበር፣ በ84 ደሞ የኛዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው እሱ ወጣ። አንዳንዴ ይሄን ሳስብ ይገርመኛል።

በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ በስሙ ድርጅት ከፈተ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የድሃ ሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ፌንሲንግ ማስተማር፣ የቤት ስራም ማሰራት። ያንቺ ወረቀት የዛ ግልባጭ ነው የሚመስለው። ሰውዬው በኅዳር 2024 አረፈ፣ 72 ዓመቱ ነበር። ነፍሱን ይማረው።

ዶላር_ቆጣሪ (ቨርጂኒያ)፦
ጋሼ ታሪኩ ጥሩ ነው አልክድም። ግን እንነጋገር። ፌንሲንግ የሀብታም ስፖርት ነው፣ እነሱ ልጆቻቸውን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ነው የሚያስተምሩት፣ ጎራዴ ስለሚወዱ አይደለም። እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ልጄን 10 ዓመቱ ላይ ስሙን የማልጠራው የግል ክለብ አስገባሁት፣ መጀመሪያ ወር ቅናሽ አሉኝ፣ ከዛ የግል ትምህርት ካልወሰደ አያድግም አሉኝ፣ ከዛ ዕቃ ግዛ፣ ከዛ ለውድድር ሌላ ስቴት ሂድ ሆቴል ያዝ። በወር ስንት መቶ ዶላር እንደከፈልኩ ሚስቴ ብታነብ ስለማልፈልግ አልጽፈውም። በአምስተኛው ወር "ዳዲ ቦሪንግ ነው" ብሎ ተወ። ዕቃው እስከዛሬ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ በከፈትኩት ቁጥር ያየኛል።

ደሞ ሜዳሊያ ያገኘ አንድ ሰው ይጠራል፣ ሳያገኝ የቀረው ሺውስ? እኛ የሯጭ ሀገር ሰዎች ነን፣ አንድ ጫማ ግዢለትና ፓርክ ውስጥ ይሩጥ።

አራዳው_ፒያሳ፦
@ዶላር_ቆጣሪ እኛ ሁላችን ሯጭ ነን እንዴ? እኔ ታክሲ ለመያዝ ሃያ ሜትር ሮጬ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ

ሚኪ_ሴበር (ቦስተን)፦
ሰላም ሁላችሁም፣ አማርኛ ጽሑፌ ላይ ስህተት ካለ ይቅርታ፣ እዚህ ነው ያደግኩት። ኮሌጅ ውስጥ ፌንስ አደርግ ነበር፣ አሁን ቅዳሜና እሁድ ልጆች አስተምራለሁ፣ የማስተምራቸው ብዙዎቹ ከናቲ ሰፈር አይነት ሰፈር ነው የሚመጡት። ለየናቲ እናት ጥያቄ በቀጥታ ልመልስ።

አደጋ፦ ጫፉ ደነዝ ነው፣ ሹል አይደለም። ማስክ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ከጃኬቱ ስር ደሞ የብብት መከላከያ፣ ጓንት ይለብሳል። ሰምበር ይኖራል፣ ጭኑ ላይ ሰማያዊ ነገር ብታዪ እንዳትደነግጪ። ላለመዋሸት ሰው የሞተበት ጊዜ አለ፣ በ1982 ሮም የዓለም ሻምፒዮና ላይ ስሚርኖቭ የሚባል የሶቪየት ተወዳዳሪ፣ የተጋጣሚው ብረት ተሰብሮ ማስኩን አልፎ ገባ። የዛሬው ማስክና ልብስ እንዲህ የጠነከረው ከዛ በኋላ ነው። በኔ ልምድ እግር ኳስ ላይ ያየሁትን ያህል የተሰበረ ሰው ፌንሲንግ ላይ አላየሁም፣ ብዙው ቁርጭምጭሚት ነው።

ጎራዴ ማስያዙን በተመለከተ፣ መጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምናልባት ጭራሽ አያስይዙትም። እግር ብቻ ነው። ወደ ፊት ሁለት፣ ወደ ኋላ ሁለት፣ ጉልበት እጠፍ፣ ቁጭ በል፣ እንደገና። ልጆቹ ያብዳሉ። ግማሹ በሶስተኛው ሳምንት የሚጠፋው በዚህ ነው። @ዶላር_ቆጣሪ ልጅህ ቦሪንግ ያለው እውነቱን ነው፣ ቦሪንግ ነው! እኔም ጠልቼው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ "እሱ ነው የጀመረኝ" ወደሚለው። ሳነበው ሳቄ መጣ ምክንያቱም የስፖርቱ ግማሽ እሱ ነው። ሶስት አይነት መሳሪያ አለ፣ ፎይል፣ ኤፔ፣ ሴበር። ፎይል ነጥብ የሚሰጠው ደረትና ሆድ ጀርባ ላይ ብቻ ነው፣ ሴበር ከወገብ በላይ ሁሉ ጭንቅላትም ጭምር፣ ኤፔ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር። ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው፣ ሲነካ መብራት ይበራል። ኤፔ ላይ ሁለታችሁም እኩል ብትነካኩ ሁለታችሁም ነጥብ ታገኛላችሁ። ፎይልና ሴበር ላይ ግን ሁለቱም መብራት ከበራ ዳኛው "ማን ጀመረ?" ብሎ ይጠይቃል። የጀመረው ነው ነጥቡን የሚያገኘው!

ስለዚህ አንተ ሁለተኛ ከሆንክ፣ እሱ ጀምሮህ አንተም ብትመታው፣ ምቱ ቢያርፍም ዋጋ የለውም። መብራትህ በርቶ ነጥቡ የሱ ነው። የማጥቃቱ መብት ወዳንተ እንዲመጣ ከፈለግክ መጀመሪያ ብረቱን በብረትህ መመለስ አለብህ፣ ወይ ደሞ ወደ ኋላ ሸሽተህ ምቱ አየር እንዲመታ ማረግ፣ ከዛ በኋላ ነው ተራው ያንተ የሚሆነው። እናቴ ይሄን ሳስረዳት "መመከት ነው'ኮ" አለችኝ። ከዛ ጀምሮ ለሐበሻ ልጆች ስነግር መመከት ነው የምለው። መመከት፣ ከዛ መመለስ። ሳትመክት የመለስከው አይቆጠርም።

ይሄን ለ11 ዓመት ልጅ በቃል ብትነግሪው ምክር ነው፣ በዛኛው ጆሮ ይወጣል። በአንድ ጠዋት ሃምሳ ጊዜ ነጥብ ሲከለከልበት ግን ሰውነቱ ይማረዋል። ትምህርት ቤት ላይ ይሰራል ወይ ካልሽኝ፣ በአንዳንዱ ይሰራል በአንዳንዱ አይሰራም፣ ቃል አልገባም። አንድ የማስተምረው ልጅ ስትሪፑ (መወዳደሪያው መስመር) ላይ መልአክ ነው፣ መኪና ማቆሚያው ጋ እስክንደርስ ግን አይቆይም።

ግራኝ ነው ያልሽው ደሞ፣ እህቴ በናትሽ አያትየው እንዳትነካው። ሰው ሁሉ ከቀኝ ጋር ነው የሚለማመደው፣ ግራኝ ሲመጣበት ማዕዘኑ ሁሉ ይዞርበታል። ፌንሲንግ ውስጥ ግራኝ ወርቅ ነው።

አራዳው_ፒያሳ፦
ግራኝን አትናቁ እያለን ነው ታሪክ ያነበበ ያውቀዋል 😅

የናቲ_እናት፦
ሚኪ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ አማርኛህ ከናቲ አስር እጥፍ ይሻላል። ጽሑፍህን ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ "ትምህርት ቤት ላይ ግን የጀመረው ነው የሚቀጣው፣ እዛ የጀመረ ነው የሚሸለመው፣ ልጁን ግራ አያጋባውም?" አለ። እኔም መልስ አጣሁ።

ሚኪ_ሴበር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ባልሽ ዳኛ መሆን ይችላል። ሁለቱም ተስማምተው ስትሪፕ ላይ ከወጡ መጀመር ድፍረት ነው፣ አንዳንድ ልጅ ደሞ የሚጎድለው እሱ ነው፣ ፈሪ ሆኖ ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድ አለ። መቼ እንደሚጀመር የሚወስነውም ዳኛው ነው፣ "አሌ" (ጀምሩ) ሳይባል የተንቀሳቀሰ ቢጫ ካርድ ያያል፣ ሁለተኛ ቀይ ነው ለተጋጣሚው ነጥብ ይሰጥበታል። ጥቁር ካርድ ከመጣ ከውድድሩ ይባረራል። ዳኛው ተሳስቷል ብለህ ብትጮህም ውሳኔውን አይቀይረውም፣ በዛ ላይ ካርድ ትጨምራለህ። እኔ በበኩሌ ከምቱ ይልቅ ይሄኛውን ነው የማየው፣ ልጁ መብራቱ በርቶ ነጥቡ ለሌላው ሲሰጥ ፊቱ ምን ይሆናል። ማስክ ውስጥ ስለሆነ ማልቀስም ይችላል፣ ማንም አያይም። ብዙዎቹ ያለቅሳሉ።

ሐያት_ሜሪላንድ፦
አሰላሙ ዐለይኩም ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወላጅ አይደለሁም፣ ተማሪ ነኝ፣ ግን ሴት ልጅ ያላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። ኢብቲሃጅ ሙሐመድን ታውቋታላችሁ፣ ሂጃብ ለብሳ ለአሜሪካ ኦሎምፒክ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ፣ በሪዮ 2016 በቡድን ሴበር ነሐስ። ጋሽ ፍሬው ከነገሩን ከዌስትብሩክ ድርጅት ነው የወጣችው፣ የኒው ጀርሲ ልጅ ናት። እንዴት ጀመረች መሰላችሁ፣ ከእናቷ ጋር በመኪና ሲያልፉ በአንድ ሃይስኩል መስኮት ፌንስ የሚያረጉ ልጆች አዩ፣ ረጅም ሱሪ ረጅም እጅጌ ራሳቸውን በማስክ ሸፍነው። እናትየው ይሄስ ልብሱን ሳንቀይር ይሆናል አለች። አለቀ።

እኔ ሃይስኩል ቮሊቦል መጫወት ፈልጌ በቁምጣው ምክንያት በየጨዋታው ክርክር ነበር፣ ወረቀት ጻፉልኝ፣ አሰልጣኙ ይፈርማል፣ እናቴ ትናደዳለች። በመጨረሻ ደከመኝና ተውኩት። የኢብቲሃጅን ሳይ ያስቀናኝ ሜዳሊያው አልነበረም፣ ሁሉም ሰው እንደሷ ተሸፍኖ መቆሙ ነው። ማስክ ካደረጉ በኋላ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም'ኮ።

ዶላር_ቆጣሪ፦
እህቴ ሐያት ያልሽው ገብቶኛል። ግን አሁንም ሁላችሁ የምትጠሩት ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው።

ፍሬው_ኒውዋርክ፦
ዶላር ቆጣሪ ወንድሜ እውነትህን ነው፣ ሜዳሊያ ያገኘ ነው ወሬው የሚደርሰን። ግን ቁጥሩም ቀላል አይደለም። ኪት ስማርትና ኤሪን ስማርት የብሩክሊን ወንድምና እህት ናቸው፣ ሁለቱም ቤይጂንግ 2008 በቡድን ብር ወሰዱ፣ እሱ በሴበር እሷ በፎይል። ኪት በ2003 በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው። በዛ የቤይጂንግ ቀን ሃንጋሪን 45 ለ 44፣ ሩሲያንም 45 ለ 44 ነው ያሸነፉት፣ በአንዲት ነጥብ፣ ሁለቴ፣ በአንድ ቀን! ያውም በዛው ዓመት እናቱን ቀብሮ ራሱም በደም በሽታ ሊሞት ደርሶ የተረፈ ሰው ነው። የናቲ እናት ላንቺ የሚሆነው ደሞ ዳሪል ሆመር፣ ብሮንክስ ነው ያደገው፣ ሪዮ ላይ በሴበር ብር። ባለፈው ፓሪስ 2024 የኩዊንሷ ሎረን ስክረግስ በፎይል በግል ብር፣ በቡድን ወርቅ። ወንድሟን ተከትላ ነው የገባችው፣ ያኔ የሃርቫርድ ተማሪ ነበረች። ሁሉም ከዛች የቅዳሜ ትምህርት ያለፉ ናቸው።

ዶላር_ቆጣሪ፦
ሃርቫርድ አሉ እንግዲህ ጋሼ፣ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው 😂

ፍሬው_ኒውዋርክ፦
ሃብታሙ በሩን አውቆት ከገባበት ድሃውም ይግባበት፣ ምን ነውር አለው? በሩን ዝጉልን ነው የምትለው ወይስ ክፈቱልን?

ዶላር_ቆጣሪ፦
እሺ ጋሼ ይሄኛውን ወሰዱ። 1 ለ 0

ታደለ_ዳካር፦
ሰላም ወገን፣ ለስራ ሴኔጋል ነው ያለሁት፣ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከዳካር ወጣ ብሎ ቲየስ የሚባል ከተማ አለ፣ እዛ እስር ቤት ውስጥ ላሉ ታዳጊዎች ፌንሲንግ የሚያስተምር ማኅበር አለ። አዎ እስር ቤት፣ ለታሰረ ልጅ ሰይፍ ያስይዛሉ። መጀመሪያ ስሰማ እኔም እንደ የናቲ እናት ነው ያልኩት፣ ሰዎቹ ጤነኛ ናቸው? ሐሳባቸው ግን ልጁ ሰላምታ መስጠት፣ ሕግ ማክበር፣ ያጠፋውንም ማየት እንዲለምድ ነው። ጥፋተኛና ተበዳይን ከማቀራረብ ስራ ጋር ያያይዙታል። ሰላምታው ቀልድ አይደለም፣ ጀማሪም ሻምፒዮንም ከመጀመሩ በፊት ማስኩን አውልቆ ለተጋጣሚው ለዳኛው ለተመልካቹ በሰይፉ ሰላም ይላል፣ ሲያልቅም እንደዛው።

አፍሪካ ደሞ በዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም። ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም በለንደን 2012 ለአፍሪካ የመጀመሪያውን የፌንሲንግ ሜዳሊያ ወሰደ፣ ብር። ቱኒዚያዊቷ ኢነስ ቡበክሪ ሪዮ ላይ ነሐስ። ፓሪስ ላይ ቱኒዚያዊው ፋሬስ ፈርጃኒ በሴበር ብር፣ ግብፅም በኤፔ ነሐስ። የ2026ቱ የወጣቶች ኦሎምፒክም ለዳካር ነው የተሰጠው። እኛስ? ሻሞላ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ተቀምጠናል።

አራዳው_ፒያሳ፦
ግድግዳ ላይ ያለውን ተዉት የአያቴ ናት፣ ለሽለላ ብቻ ነው የምትወርደው። ግን ታደለ ስለ ሰላምታው ያልከው የገና ጨዋታን አስታወሰኝ፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል አይደል፣ ሜዳ ላይ ጌታም ሎሌም እኩል ነው፣ ቅልጥሙን ቢመታውም ቂም የለም። እኛ ጋ ያለው ነገር ነው'ኮ፣ ዱላውን ጥለን ሪሞት ያዝን እንጂ።

ሚኪ_ሴበር፦
ስለ ሰላምታ ካነሳችሁ፣ 2023 ሚላን የዓለም ሻምፒዮና ላይ የዩክሬኗ ኦልሃ ካርላን ሩሲያዊቷን አሸንፋ እጅ አልጨብጥም ብላ ጥቁር ካርድ ተሰጣት። ሰይፏን ዘርግታ ነበር፣ እጇን ግን አልሰጠችም፣ ሀገሯ እየተደበደበች ነው። ከዛ በኋላ እጅ የመጨበጡን ግዴታ አነሱት፣ በሰይፍ ሰላም ማለቱ ግን እንዳለ ነው። የማስተምራቸው ልጆች በዚህ ጉዳይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፣ ልምምድ ሳንሰራ ቀረን። ማን ልክ ነው ብለው ሲጠይቁኝ አልመለስኩም፣ እኔም እስካሁን ስለማላውቅ ነው።

የናቲ_እናት፦
(ከአምስት ሳምንት በኋላ) እንደምን ሰነበታችሁ። አስገባሁት። መጀመሪያው ቅዳሜ ከስራ ቀጥታ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ወሰድኩት፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስነቃ አሁንም ወደ ፊት ሁለት ወደ ኋላ ሁለት ናቸው። ሚኪ አንተን አሰብኩህ። በሁለተኛው ሳምንት ናቲ "ሰይፍ የለም፣ ዳንስ ነው" ብሎ ተቆጣ፣ በሶስተኛው አልሄድም አለ። እኔም ጋሽ ፍሬውን አስታውሼ 5 ዶላር አወጣሁ። "ማሚ ኢንፍሌሽን አለ" ብሎ 10 ተቀበለኝ።

አራተኛው ሳምንት ላይ ፎይል አስያዟቸው። አሰልጣኟ በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው አለችው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ቤት ውስጥ በዚህ ብዙ ስለተነገረው ነው መሰለኝ። በግራ አላት። "ጥሩ!" አለችው ጮክ ብላ። ፊቱን ብታዩት። ለእናቴ አልነገርኳትም ገና።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ እንዳልዋሽ፣ አንድ ጊዜ ደሞ ተጠርቻለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱን ልጅ ገፍትሮ። ቤት ስናወራው እንደ ድሮው "እሱ ነው የጀመረኝ" አለ። አባቱ ደሞ ከሶፋው ሳይነሳ "መከትክ?" አለው። ናቲ ዝም። "መብራትህ በርቷል፣ ነጥቡ ግን የሱ ነው" አለው። ባሌ አንድ ቀን እንኳን ጂም ገብቶ አያውቅም፣ ሁሉንም የሚኪን ጽሑፍ በቃሉ ይዞታል! ናቲ በጣም ተናደደ፣ በሩን ጠረቀመ፣ ግን ማታ ላይ ወጥቶ ለአባቱ ሰላምታውን አሳየው፣ በማንኪያ። አሁን ባሌ ለስራ ሲወጣ እንደዛ ነው የሚሰናበቱት፣ እኔን እንዳልኖርኩ ነው የሚያልፉኝ።

ሐያት_ሜሪላንድ፦
በማንኪያ 😭😭 ማሻአላህ

ሚኪ_ሴበር፦
ባልሽን ላኪልኝ ረዳት አሰልጣኝ እፈልጋለሁ

የናቲ_እናት፦
አንድ ጥያቄ ብቻ። በሚቀጥለው ወር በክለቦች መካከል ትንሽ ውድድር አለ፣ ስድስት ስድስት ልጅ እየሆኑ እስከ 5 ነጥብ ነው። ማስክና ፎይል ያውሱታል፣ ጃኬትና ጓንት ግን የሚያውሱት ሁሉ ወይ ትልቅ ነው ወይ የቀኝ ነው። ግዢ አላሉኝም፣ ልጁ ግን የሌላ ሰው ጃኬት እጅጌ አጥፎ ሲለብስ አላስቻለኝም። ያገለገለ የት ይገኛል?

ዶላር_ቆጣሪ፦
ቁመቱ ስንት ነው?

የናቲ_እናት፦
አራት ጫማ ከስምንት። ቀጭን ነው።

ዶላር_ቆጣሪ፦
የልጄ ያን ጊዜ እንደዛ ነበር። ግን ቀኝ ነው የኔ፣ ጓንቱ አይሆንም።

ሚኪ_ሴበር፦
ጓንት እኔ ጋ የግራ ትርፍ አለኝ እልካለሁ። ጃኬቱን እይ ወንድሜ፣ ዚፑ ከፊት በጎን በኩል ከሆነ የቀኝ ብቻ ነው፣ ለግራኝ አደገኛ ነው ብረት ሊገባበት ይችላል። ዚፑ ከኋላ ከሆነ ግን ለሁለቱም ይሆናል።

ዶላር_ቆጣሪ፦
አሁን ስራ ላይ ነኝ ማታ አያለሁ።

ዶላር_ቆጣሪ፦
ቁምሳጥኑን ከፈትኩት። ዚፑ ከኋላ ነው። ልጄ "ለማን ነው?" አለኝ፣ ብሮንክስ ላለ ግራኝ ልጅ ነው አልኩት፣ ካልሲውንም ጨምርለት ብሎ አመጣልኝ፣ አልታጠበም ሚስቴ እያጠበችው ነው። አድራሻ በውስጥ ላኪልኝ እህቴ፣ የፖስታውን እኔ እችላለሁ።